የእናታችን ኮትና የቢደፎርድ ምንጣፍ



ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት አላህ ፈቅዶ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን ግዛት የምትኖረውን ታላቅ እህታችንን ለመጠየቅ ሄደን ነበር። ሜይን ባሕር፣ ጥድና በረዶ የበዛባት ምድር ናት። አገራችን ውስጥ ስለ አሜሪካ ሲወራ ስሟ እምብዛም አይነሳም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ ብዙ ሶማሌ ሙስሊሞች ሉዊስተን በምትባለው ከተማዋ ሰፍረዋል፤ በፖርትላንድም በጁሙዓ ቀን ከየአገሩ የመጣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ሲሰግድ ይታያል።

እህታችን ቤት ደርሰን ጫማችንን ስናወልቅ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለ ረጅም ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት አየን። የእናታችን ነው። በ2010 ዓ.ም. ልጃቸውን ለመጠየቅ መጥተው የበረዶውን ወራት ከርመው ሲመለሱ፣ «ይህን ደሴ ላይ ብለብሰው ልጆች ይከተሉኛል» ብለው ትተውት የሄዱት። በ2013 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ኮቱ ግን ከተሰቀለበት አልወረደም።

እኛም የመድረሳ ልጅ ነንና ዝም ማለት አልቻልንም። የሟች ንብረት ጥቂትም ቢሆን የወራሾች ሐቅ እንደሆነ፣ ወይ እንደ ድርሻችን መከፋፈል ወይም ሁላችንም ተስማምተን ለሚበርደው ሰው በሶደቃ መስጠት እንደሚሻል ለእህታችን ነገርናት። ያልነው ነገር ስሕተት አልነበረም፤ ሰዓቱ ግን አልነበረም። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህ በሽታ አለበት። እህታችን «እማዬ ሽታዋ እኮ አለበት» ብላ ሻይ ቀዳችልን፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዒሻ አላነጋገረችንም።

ልጇ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራቸው ቤተ መጻሕፍት ከሚሰበሰቡ አዛውንት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ምንጣፍ መሥራት ትማራለች። እኛ ምንጣፍ ስንባል ሽመና መስሎን ነበር። አይደለም። በመጀመሪያ አሮጌ የሱፍ ልብስ ስፌቱ ተፈትቶ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ሱፉ ተኮማትሮ ስለሚጠብቅ ጠርዙ አይተረተርም። ከዚያ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት እየተሰጠው በረጅሙ ይተለተላል። ጆንያ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል። ሠሪዋ በግራ እጇ ትልትሉን ከጆንያው ሥር ትይዛለች፤ በቀኟ ደግሞ የዳንቴል ኪሮሽ የመሰለ መንጠቆ ከላይ ወደ ታች በቀዳዳው ትሰድና ትልትሉን እየሳበች ትንንሽ ቀለበት ታወጣለች። ቋጠሮ የለም፤ መርፌና ክር የለም። ቀለበቶቹ ተጠጋግተው ሲሞሉ የጆንያው ድር ይጠብቅባቸውና አንዱ ሌላውን አጥብቆ ይይዘዋል።

ሞከርነው። ሁለተኛውን ቀለበት ስናወጣ የመጀመሪያው ተመልሶ ሰመጠ። ልጅቱ ሳቀችና «አጎቴ፣ መንጠቆውን ወደ ፊተኛው ቀለበት ዘንበል አድርገው» አለችን፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ረድፍ ተሳካልን። ለካስ ሥራው ብዙ ጨርቅ ይበላል። የሚሸፈነውን ስፋት አራት እጥፍ ያህል ሱፍ ያስፈልጋል አሉን። ይህን ስትሰማ እህታችን ወደ በሩ ስትመለከት አይተናታል፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አላለችም።

የልጅቱ አስተማሪ አዛውንት «ቢደፎርድን ሳታዩ እንዳትመለሱ» ስላሉን እሑድ ሦስታችንም በእህታችን መኪና ሄድን። ከፖርትላንድ ወደ ደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ የሳኮ ወንዝ ፏፏቴ ዳር ናት፤ መሐሏን የሞሉት በቀይ ጡብ የተሠሩ ግዙፍ የፋብሪካ ሕንፃዎች ናቸው። ፔፐሬል የተባለው የጥጥ ፋብሪካ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ አንሶላና ልዩ ልዩ ጨርቅ ሸምኖባቸዋል። ከሠራተኛው ብዙው ከካናዳ የመጣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 አበቃ፤ ዛሬ መኖሪያ ቤት፣ ሱቅና አንድ ትንሽ ሙዚየም ሆነዋል።

የሰፈሩ ሴቶች በመንጠቆ ምንጣፍ መሥራት የያዙት ከቤታቸው ቡትቶ ነው። ሥራውን ከቤት ወደ ገበያ ያወጣው ኤድዋርድ ሳንድስ ፍሮስት የሚባል የከተማው ሰው ነበር። ከእርስ በርሱ ጦርነት ታሞ የተመለሰ ወታደር፣ በጋሪ የቆርቆሮ ዕቃ የሚያዞር ነጋዴ ነው። እንዲህ ያሉ አዟሪዎች ዕቃ ሰጥተው አሮጌ ጨርቅ ይቀበሉ ነበርና፣ በእኛ አገር «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰው ያስቧል። እ.ኤ.አ. በ1868 ሚስቱ ምንጣፍ ስትሠራ አይቶ የተሻለ መንጠቆ ሠራላት፤ ቀጥሎም በጆንያው ላይ ንድፍ ሣለላት። ጎረቤት ሁሉ «ለእኔም» አለ። በእጅ መሣሉ ሲያዳክመው ንድፉን በብረት ላይ ቆርጦ፣ ጆንያ ላይ ቀለም እያተመ በጋሪው ይሸጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1876 በሕመም ምክንያት ንግዱን ሸጠ እንጂ፣ ንድፎቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

ከንድፎቹ ውስጥ አንበሳና ውሻ አለ። ልጅቱ ነፍስ ያለው ሥዕል ለመስገጃ እንደማይሆን ታውቃለችና እነዚያን አለፈቻቸው። የገረመን ሌሎቹ ናቸው፤ «የቱርክ ምንጣፍ» እየተባሉ የተሸጡ ጠርዘ ሐረግ ንድፎች ነበሩት። ጆንያውስ ከየት መጣ? ጁት ከሚባል ተክል ነው፤ ጁት ደግሞ የሚበቅለው በቤንጋል ወንዞች ዳር፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር ጭምር ነው። አንዲት የሜይን ገበሬ ሚስት በበረዶ ሌሊት ቤቷ ተቀምጣ፣ የቤንጋል ሙስሊም አራሽ በዘራው ተክል ላይ የምሥራቅ ሸማኔዎችን ንድፍ በአሮጌ ቀሚሷ ትሞላ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የነካን ግን ሌላ ነው። በ1910ዎቹ እ.ኤ.አ. በፔፐሬል ፋብሪካ ከሚሠሩት መካከል አልባንያውያን ሙስሊሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1915 አካባቢ ለመስጊድነት የሚጠቀሙበት ቦታ ነበራቸው፤ ከአሜሪካ ቀደምት መስጊዶች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። አብዛኞቹ ቤተሰባቸውን ትተው የመጡ ወንዶች ነበሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱ ተመለሱ፣ ወደ ሌላ ከተማ የሄዱ ሄዱ። እዚያው የቀሩት በዉድላውን መካነ መቃብር ተቀብረዋል። ሄደን ሰላምታ አቀረብን፣ ዱዓም አደረግን። እህታችን ከድንጋዮቹ አጠገብ ብዙ ቆመች።

ስንመለስ መኪናውን እየነዳች ድንገት ጠየቀችን።

«እነዚያ ሰዎች ሲሞቱ ልብሳቸውን ማን ወሰደው?»

መልስ አልነበረንም።

ማታ ከመግሪብ በኋላ ኮቱን ራሷ አውርዳ በጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። አባታችን ከእናታችን ቀድመው ያረፉ በመሆናቸው ወራሾቹ እኛ ሁለት ወንድማማቾችና እሷ ነን። ደሴ ወዳለው ታላቅ ወንድማችን ደወልን። ነጋዴ ነውና መጀመሪያ «ዋጋው ስንት ያወጣል?» አለ፤ እህታችን ፊቷ ተለወጠ። እርሱ ግን ተከትሎ «የእኔን ድርሻ ለእርሷ ትቻለሁ፤ ብቻ ከመቁረጣችሁ በፊት ኪሱን እዩ፤ እማዬ ኪሷን ባዶ አትተውም» አለን። የእኛንም ድርሻ እዚያው ተውን። ኪሱ ውስጥ ሦስት የደረቁ ቴምሮችና አንድ የአውቶቡስ ቲኬት ነበሩ።

ኮቱ ቢተለተል ለአንዲት የመስገጃ ምንጣፍ ይበቃል ተባለ። እናታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰገዱት አጎዛ ላይ ነው፤ እዚህ አገር በመጡ ጊዜ ስለ አጎዛቸው ሲያነሱ ከረሙ። ልጅቱ ንድፉን ጠርዙ ላይ ብቻ አድርጋ መሐሉን ያለ አንዳች ጌጥ ተወችው። ቀለበቶቹ ከፍ ብለው እንዳይቀሩ ነግረናታል፤ ሱጁድ ሲወረድ ግንባር ረግቶ ማረፍ አለበትና። መቀሱን ግን እህታችን መያዝ አልቻለችም። ስፌቱን የፈታነው እኛ ነን፤ የመጀመሪያውን እጅጌ የቆረጠችው ልጅቱ ናት። ታጥቦ ሲደርቅ ሽታው ጠፋ። እህታችን አሸተተችውና ምንም ሳትል መልሳ አስቀመጠችው።

በመጣንበት ቀን አንድ ስንዝር ያህል ተሞልቶ ነበር። እህታችን የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ሱብሒን ሰግዳ አንዳንድ ረድፍ ትጨምራለች። የእርሷ ረድፍ ከልጇ ይልቅ የተጣመመ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለው መስቀያ ባዶ ስለነበረ በመጨረሻው ሳምንት ጃኬታችንን ሰቅለንበት ነበር፤ ማንም ምንም አላለንም።