መስታወቱ ይቆይ

ድብ ባሕር፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሆዴ፣ ለታናሿ እኅቴ፣

እማ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ነው እንጂ፣ እሱም የቆየ ነው። በስልክ ስናወራ አሠሪሽ ማዳም ከጎንሽ መሆኗን ከድምፅሽ አውቃለሁ። "እሺ፣ እሺ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ የሆዴ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ደብዳቤውን የምታመጣልሽን ልጅ ታውቂያታለሽ፣ እመኛት።

ባለፈው እሁድ "ጠዋት በረደኝ፣ ቀን አቃጠለኝ፣ ማታ ዝናብ ደበደበኝ" ብለሽ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም። እኔም ቤይሩት ነበርኩና መጋቢቷን አውቀዋለሁ፣ ዓለሜ። የድሮ አሠሪሽ የአሮጊቷ ቤት ምድር ላይ ስለነበር ብዙም አላሳሰበኝም ነበር። አሁን የገባሽበት ግን ስምንተኛ ፎቅ ነው አልሽኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ እንዳማረኝ ይነጋል።

የቤይሩት መጋቢት አይታመንም። ጠዋት ከባሕሩ የሚነሳው ንፋስ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ቀትር ላይ ሹራብሽን ታወልቂያለሽ፤ ቀና ስትዪ ተራራው ላይ በረዶው ገና አልሟሟም። የእነሱ ዝናብ ከብርዱ ጋር ኅዳር ላይ ይገባል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይወጣል። እኛ ሐምሌን በጭቃ ስንዳክር እናንተ ጠብታ አታዩም። እና ይሄ ወር መሐል ላይ ነው። ክረምቱም አልወጣ፣ በጋውም አልገባ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይመጡብሻል።

ከዚያ ኸምሲኑ አለ። ከሰሜን አፍሪካ በረሃ አቧራ አንስቶ በግብፅ በኩል የሚመጣው ትኩስ ንፋስ። ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፤ ፀሐይዋ የታመመች ትመስላለች፤ ጥርስሽ ውስጥ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። አንድ ቀን ወይ ሁለት ቀን ያቃጥልና ከባሕሩ ቀዝቃዛ ዝናብ ይከተለዋል። ያ ዝናብ አየር ላይ ያለውን አቧራ ይዞ ነው የሚወርደው፤ ጭቃ ነው የሚዘንበው። መኪናው፣ በረንዳው፣ የተሰጣው አንሶላ፣ መስታወቱ፣ ሁሉም ቡናማ ነጠብጣብ ይለብሳል። በማግስቱ ፀሐይ ትወጣለች። ማዳም የቡና ስኒዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ትመጣለች። ጣቷን መስታወቱ ላይ ታደርጋለች። አንቺንም ትጠራሻለች።

አደራዬ እዚህ ላይ ነው። በውጭ በኩል ያለውን መስታወት ለመጥረግ በረንዳው ብረት ላይ እንዳትወጪ። ወንበር በወንበር ላይ እንዳትደራርቢ። አንድ እግርሽን ውስጥ፣ አንዱን ውጭ አድርገሽ እንዳትቆሚ። እጀታው ረጅም የሆነ መጥረጊያ ግዙልኝ በያት። እምቢ ካለች "ራሴን አዞረኝ" በያት፤ ጾም ላይ ነሽ፣ ውሸት አይሆንብሽም። ብትቆጣ ትቆጣ። ቁጣ አይገድልም። ዘንድሮ ፋሲካችን ከእነሱም ጋር አንድ ቀን ውሏል፣ ሚያዝያ 12። ለበዓሉ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ማስጠረጓ አይቀርም። ጭቃው ዝናብ ከዚያ ቀን በፊት አንድ ሁለቴ ይጥላል፤ መስታወቱም ደጋግሞ ይቆሽሻል። ይቆይ። ቆሽሾ ይቆይ፣ ሆዴ።

ልቤ ፈሪ ሆኖ አይደለም። በነሐሴ 2000 ሂዩማን ራይትስ ዎች አንድ ነገር አውጥቶ ነበር። ከጥር 1999 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ባለው ጊዜ ሊባኖስ ውስጥ 95 የቤት ሠራተኞች ሞተዋል፤ በሳምንት ከአንድ በላይ ማለት ነው። በበሽታ የሞቱት 14 ብቻ ነበሩ። 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፤ ብዙዎቹ ከአሠሪ ሊያመልጡ ሲሉ። 40ው ደግሞ ራሳቸውን አጠፉ ተባለ። ሁሉም የእኛ ልጆች አይደሉም፤ ግን የእኛዎቹም አሉበት። ከእኛ ሰፈር የሄደችውን ስሟን አልጠራልሽም። ለቅሶዋ ላይ አብረን ነበርን።

መስታወት ምን እንደሆነ ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2012 አይቼዋለሁ። የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ከተማው ሁሉ መስታወት ዘነበበት። ከዚያ በፊት በግንቦት፣ አሠሪዎቻቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው የጣሏቸውን ልጆች አስታውሺ። ዶላሩ ሲጠፋ ሰዉ መጀመሪያ የጣለው እኛን ነው። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ ብዬ አይደለም። ለመስታወት ስትዪ ነፍስሽን እንዳትሰጪ ነው።

ሌላም አለ። ማታ በሩን ዘግተሽ የጋዝ ማሞቂያ እያበራሽ እንዳትተኚ። ቀን ሞቆ ማታ ድንገት ሲበርድ ነው ሰው የሚዘናጋው። መስኮቱን ትንሽ ክፈት አድርጊ፣ ጋቢውን ደርቢ። አዎ፣ ጋቢ ልኬልሻለሁ፤ እማ ራሷ የፈተለችው ነው። ለሌላ እንዳትሰጪው! አውቅሻለሁ እኮ። በ2013 ክረምት ሊማሊሞን ሽቅብ ስንወጣ፣ ጉሙ ዓይን ሲያሳጣን፣ የራስሽን ጋቢ ገፈሽ ለእማ አለበስሻት፤ አንቺ ደባርቅ እስክንደርስ በስስ ቀሚስ ተንቀጠቀጥሽ። ከዚያ ስንት ሳምንት እንዳሳለሽ እማ አሁንም ታወራዋለች። ይኼ ባሕርይሽ ነው የሚያስፈራኝ። ለሰው ስታስቢ ራስሽን ትረሻለሽ።

የእኛን አየር ጠይቀሽኛል። የካቲት ጠብታ ሳይጥል አለቀ። ወንዙ ሰልሏል፤ ከብቱ ከስቷል፤ መኪና ባለፈ ቁጥር አዋራው ቡና ቤቴ ውስጥ ይገባል። ትናንት ከሰዓት በሰሜን ተራሮች በኩል ጠቆር ብሎ፣ ነጎድጓድ አሰምቶ፣ መሬቱን ሽው አድርጎት ሄደ። ሽታው ብቻ ቀረን። ደባርቅ ግን ብርዱ ያው ነው። ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ የተነሳ ሾፌር በጣሊያን ጊዜ በተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ ነው የሚገባው። እኛ አገር አየሩ የሚለወጠው ስትወርጂ ወይ ስትወጪ ነው። መሸሻ አለሽ። አንቺ ጋ አንድ በረንዳ ላይ ቁጭ ባልሽበት ነው የሚለዋወጥብሽ።

መጋቢት ሲገባ ሰዉ አሁንም ወደ ላይ ያያል። የ2011ዱን እሳት አንቺ ነሽ ያየሽው፣ እኔ ቤይሩት ነበርኩ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ሌሊት ሌሊት እየደወልሽ "ጢሱ ይሸተኛል፣ ጭላዳዎቹ የት ይገባሉ?" ትዪኝ ነበር። ሰዉ በቅጠል እየደበደበ አልጠፋለት ሲል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ። በደረቅ ሣር ላይ ንፋስ ሲነሳ እማ ዛሬም ታማትባለች።

ክፉ ክፉውን ብቻ አወራሁልሽ አይደል? የቤይሩት መጋቢት ደግ ነገርም አለው፤ እንዳያልፍሽ። የብርቱካኑ አበባ ሲፈነዳ ሽታው እስከ ቡርጅ ሐሙድ ይመጣል። በጋሪ የሚሸጡትን አረንጓዴ ለውዝ ግዢ፤ ከነቅርፊቱ በጨው ይበላል፣ ጾምም አይፈታ። እኔ መጀመሪያ ስቀምሰው ተፋሁት፤ ኋላ ሳልበላ የማድር አልሆንኩም። የዕረፍት ቀንሽን ዶራ ገበያ ብቻ አትጨርሺው። ኮርኒሽ ላይ ሂጂ፣ ባሕሩን እዪው፤ ማንም ገንዘብ አይጠይቅሽም።

መጋቢት 12 ደግሞ የእናቶች ቀናቸው ነው። ልጆቹ ለማዳም አበባ ይዘው ይመጣሉ፣ አንቺ የአበባ ማስቀመጫውን ውኃ ትሞያለሽ። ያን ዕለት ሆድ እንዳይብስሽ። እማን ደውዪላት። ምን ቀን እንደሆነ አትንገሪያት፤ ደስ ብሏት ታወራሻለች፣ ያ ይበቃታል።

ሰዓቱንም እንዳትረሺ። አሁን እናንተ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናችሁ። መጋቢት 21፣ እሁድ፣ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ሲገፉት እኩል እንሆናለን። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ እኔ ቡና ሳፈላ አንቺም ጋ ያው ሰዓት ነው። በ2015 መንግሥታቸው "አናስቀድምም" ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ "እናስቀድማለን" ብለው፣ በአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ሰዓት ሆኖ ስትደውዪ የሳቅነውስ? ከ21 በኋላ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደውዪ፤ መብራት ቢጠፋም ስልኬን ሞልቼ እጠብቅሻለሁ።

አንድ ነገር ጠይቄሽ ልጨርስ። ፓስፖርትሽ ማን ጋ ነው? ማዳም ጋ ከሆነ "ገጹን ፎቶ ላንሳው" ብለሽ በዘዴ ተቀበያትና ላኪልኝ። አንድም ቅጂ አንቺ ጋ፣ አንድም እኔ ጋ ይኑር። የሰፈሩን ስም፣ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን ጽፈሽ ላኪ። የማርያም ማኅበርተኛሽንም ስልክ። ከጋቢው ጋር የላክነውን ሽሮና ድርቆሽ እማ እሷው ቋጥራዋለች፤ በርበሬው ለብቻው ነው፣ ፌስታሉ እንዳይቀደድብሽ ቀስ ብለሽ ፍቺው።

እታለምሽ