ፓምፑ የማን ነው?

ሻጯ "ታውን ሀውስ ማለት እኮ ቪላ ነው፤ ከጎረቤት የምትጋሩት ግድግዳ ብቻ ነው" አለችን። እኔና እህቴ የስድስት ዓመት ቁጠባችንን ይዘን ከመገናኛ ወደ አያት በታክሲ ስንመላለስ ይሄ ሦስተኛው ግቢ ነው። የሞዴል ቤቱ ወለል ያብረቀርቃል። የሶፍትዌር ሥራ አመል ሆኖብኝ መሰለኝ፣ እኔ ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ነው የምፈልገው። ግድግዳ ብቻ? ፓምፑስ? ጄኔሬተሩ፣ የውስጥ መንገዱ፣ የጥበቃው ደመወዝስ?

የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሲባል ሁሉም የሚያስበው ኮንዶሚኒየም ፎቅ ነው። ግን አምስትና ከዚያ በላይ ሆነው በተርታ የተሠሩ፣ የጋራ መጠቀሚያ ያላቸው ቤቶችንም ይጨምራል። ስለዚህ የባለቤቶች ማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አሳዩን አልኩ። "እሱ ከርክክብ በኋላ ነው" ተባልን። እሺ።

እሁድ ማታ ብቻዬን ሄድኩ። ከብሮሸር ጥበቃ ይሻላል ባይ ነኝ። "አባባ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?"

"መምጣቱስ ይመጣል ልጄ፣ ወደ ሮቶው የሚያወጣው ጠፋ እንጂ። ፓምፑ ከቆመ ሦስት ወሩ። ግማሹ እናዋጣ ይላል፣ ግማሹ የሸጠልን ይሥራው ይላል። የእኔም የሁለት ወር ደመወዝ እዚያው ተንጠልጥሏል።"

እህቴ ወለሉን ወዳዋለች። ቢሆንም ደንቡን ሳናይ ቅድመ ክፍያ ላንከፍል ተስማምተናል። ሻጯ ትናንት ሁለቴ ደወለች፤ ስለ ደንቡ ግን ምንም አላለችም።