ከመካነ ኢየሱስ እስከ ድሬዳዋ፦ ሐዲድ የዘረጉት ሰዎች



የምናስተምርባት መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር የእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ባቡር አልደረሰባትም። ስለ ባቡር ሠራተኞች ለመጻፍ ከዚህች የደጋ ከተማ መነሣታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገሩን ያመጣው በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ተማሪያችን ያቀረበልን ጥያቄ ነው። የልጁ ታላቅ ወንድም ወደ ቆላ ወርዶ በመንገድ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥሮ ነበር። በቁፋሮ ላይ ሳለ አፈር ተንዶ ገደለው። ጓደኞቹ እዚያው ሰግደውበት ቀበሩት፤ ለቤተሰቡም ልብሱንና የሠራበትን የጥቂት ቀን ሒሳብ ላኩ። ልጁ ከዐስር ሶላት በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ እናቴ ልጄ በከንቱ ቀረ እያለች ታለቅሳለች። እውነት በከንቱ ነው?» አለን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በወረርሽኝ የሞተውን፣ በሆድ ሕመም የሞተውን፣ ውኃ የወሰደውንና ፍርስራሽ የተጫነውን ከሸሂዶች እንደቆጠሩ ቡኻሪና ሙስሊም መዘገባቸውን ነገርነው። እንዲህ ያለው ሟች እንደማንኛውም ሙስሊም ይታጠባል፣ ይሰገድበታል፤ የሸሂድነት ምንዳውን በአኺራ እንደሚያገኝም ዑለማዎች ያስረዳሉ። ልጁ ፊቱ ፈታ አለ። ግን አልሄደም። «ከእሱ በፊትስ እንዲህ የሞቱ አሉ? ስማቸው የት ተጽፏል?» ሲል ጨመረ። ለዚህኛው መልስ አልነበረንም።

በዚያው ሰሞን ለዘመድ ኒካሕ ወደ ድሬዳዋ የምንሄድበት ጉዳይ ስለነበረን ጥያቄውን ይዘን ተሳፈርን።

በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ነው። ነፋስ መውጫን አልፈን ጨጨሆ ገደል አፋፍ ላይ ስንደርስ መኪናው ለአፍታ ቆመ፤ እኛም ወርደን ቁልቁል አየን። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። መድፉ ወደ 7 ቶን፣ በእኛ አገር አነጋገር 70 ኩንታል ይሆናል። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሰው በጠፍር እየጎተተው፣ ከፊት ከፊቱ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተቆረጠ መንገድ ይወጣለት ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር ተጽፏል። ከጎተቱት ጎበዞች ግን የአንዱን ስም እንኳ ከመምህርነት ሥልጠናችን መጻሕፍት አላገኘንም።

እነሱ በጋይንት ዳገት ሲጎትቱ፣ የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መራገፍ ጀመረ። ጓዙን ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ ለማመላለስ ከህንድ ሐዲድና ባቡር አምጥቶ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር በዚያ ሐሩር ውስጥ አሠራ። ጦሩ መቅደላን ይዞ ሲመለስ ሐዲዱም ተነቀለ። በአንድ ወቅት፣ ለአንድ ጦርነት፣ ከግራና ከቀኝ የሁለት መንገድ ሠራተኞች ድንጋይ ይፈልጡ ነበር ማለት ነው። የናፒየርን ስም ተማሪዎቻችን ያውቃሉ፤ የሴባስቶፖልንም ክብደት ያውቃሉ።

በወልድያና በኮምቦልቻ ወርደን፣ በባቲና በሚሌ በረሃ አቋርጠን፣ በአዋሽ በኩል ድሬዳዋ ገባን። ሙቀቱ እኛን ደገኞቹን አደከመን። ኒካሑ በሰላም አለፈ፣ አልሐምዱሊላህ፤ በማግስቱ ከመጋላ ደቻቱን ተሻግረን ወደ ከዚራ፣ ወደ ምድር ባቡር አመራን።

ይህ መስመር ፈቃዱ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ተሰጠ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው። ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን ወደ 310 ኪሎ ሜትር ለመዘርጋት አምስት ዓመት ፈጅቷል። ከተማዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሶማሌዎች፣ ዐረቦች፣ ኢትዮጵያውያን፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች አብረው ሠርተውበታል። ከጅቡቲ ሲነሣ አገሩ ውኃ የሌለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በባሩድ ይፈነዳል፣ በሸለቆው ላይ የብረት ድልድይ ይሰቀላል፣ የሚጠጣው ውኃ ከሩቅ ይመጣል። በዚህ ላይ ሐዲዱ በግጦሽ መሬታቸውና በግመል ንግዳቸው ላይ የመጣባቸው የአገሩ ሰዎች ጥቃት ነበር።

አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር መካኒክ ወርክሾፑን አስጎበኙን። አዲሱ የባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የድሮው ነገር ጸጥ ብሏል፤ ዘይት ዘይት የሚሸተው አዳራሽ ግን አልጠፋም። «አባባ፣ መስመሩ ሲዘረጋ የሞቱት ስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል?» አልናቸው። ሽማግሌው ቶሎ አልመለሱም። ወደ አንድ ትልቅ የብረት መቁረጫ ወሰዱንና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሳህን በመሐረባቸው ጠረጉት። የፋብሪካው ስም፣ ከተማው፣ የተሠራበት ዓመት በፈረንሳይኛ ተቀርጾበታል። ወደሚቀጥለው ወሰዱን፤ እሱም አለው። «ልጆቼ፣ ብረቱ ሁሉ የልደት ወረቀት አለው» አሉን። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች አህጉራቸውን በሐዲድ ሲያቋርጡ በምዕራቡ በኩል ተራራውን የበሱት በሺሕ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ነበሩ፤ ስንቱ እንደሞተ በትክክል አልተመዘገበም። ከደማስቆ ተነሥቶ መዲና በገባው የሒጃዝ ባቡር ሥራም እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1908 ድረስ ብዙ የዑስማኒያ ወታደሮች በበሽታና በበረሃ አልቀዋል። ሙስሊሙ ዓለም ገንዘብ ያዋጣበትን ያንን ሥራ ስናነሣ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድን እናነሣለን። ወታደሮቹንስ?

ማታ በመጋላ መስጂድ መግሪብን ከሰገድን በኋላ በዚያ መስመር ለሞቱ ሙስሊሞች ዱዓ አደረግን። ስማቸውን ስለማናውቅ «አላህ ሆይ፣ አንተ የምታውቃቸውን» ብለን ነው ዱዓ ያደረግነው።

መስከረም ላይ ወደ መካነ ኢየሱስ ተመልሰን ያየነውን ለልጁ ነገርነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደብተር ይዞ መጣ። በአካባቢው ቤት ለቤት እየዞረ፣ ለሥራ ወጥተው በአደጋ የሞቱ ወጣቶችን ስም ጽፏል፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም። ስም፣ ዕድሜ፣ ይሠራው የነበረ ሥራ፣ የተቀበረበት አገር። በመጀመሪያው መስመር ላይ የወንድሙ ስም አለ። ደብተሩን ይዘን ወደ እናቱ ዘንድ ሄድን። ማንበብ ስለማይችሉ እኛ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብንላቸው። ዕድሜው ላይ ስንደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«ሃያ አትበሉ» አሉ። «ሃያ ሊሞላው ሁለት ወር ይቀረው ነበር። አስተካክሉት።»

ልጁ እስክሪብቶውን አወጣ።