ከሳሎን እስከ ጓሮ

እኔ የምለው ወዳጆቼ፣ በድልድይ ስም በሚጠራ ሰፈር አድጎ አንድ ግቢ ማሻገር የሚያቅተው ሰው አይታችኋል? እኔ ነኝ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ከፊት፣ የእማዬ ክፍል ከጓሮ ነው። ዋይፋዩ ግን ሳሎን ይቀራል፤ መሀል ላይ ያለው የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገዱን ይመልሰዋል። ስለዚህ እማዬ ቤይሩት ካለችው እህቴ ጋር በኢሞ የምታወራው ሁላችንም በተኮለኮልንበት ነበር። እህቴም ሁሌ «ደህና ነኝ» ነው መልሷ።

መጀመሪያ ሪፒተር ገዛሁ። ምልክቱ ሞላ፤ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። ለካ በዚያው ሞገድ እየሰማ በዚያው መልሶ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል! ተናደድኩና መርካቶ ወጥቼ 20 ሜትር ኬብል ገዛሁ። ጓሮ አሮጌ ራውተር አስቀመጥኩ፤ ኬብሉን ላን ላይ ሰካሁ፣ አይፒውን ቀየርኩ፣ ዲኤችሲፒውን አጠፋሁ። ስምና ፓስወርዳቸው አንድ፤ ቻናላቸው ግን የሳሎኑ 1፣ የጓሮው 11። አለቀ።

ማታ እማዬ በሯን ዘግታ አወራች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ምንም። ዛሬ ገና አወራን።»