የአምቢቆ ውሻ

ራስ ደጀን የሚወጣ ሰው ከአምቢቆ መንደር የሚነሳው ሳይነጋ ነው። ባትሪ አብርተን መንገድ ስንጀምር ያደርንበት ቤት ውሻ ተከተለን። አብሮኝ የሚሄደው የፓርኩ ስካውት ድንጋይ ያነሳ መስሎ ቢያስፈራራውም ጥቂት አፈግፍጎ ተመልሶ ይመጣል።

ገብስ ማሳው አልቆ ጓሳውና ጅብራው ሲጀምር አየሩ ሳሳ። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ስቆም ውሻውም ይቆማል፤ ስነሳ ይነሳል። ያን ዳገት ያለ እሱ እንዴት እገፋው እንደነበር እንጃ። ወደድኩት።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ስካውቱ መቀነቱን ፈትቶ የውሻውን አንገት አሰረበት። «ቀይ ቀበሮ ያለበት ነው፤ እዚህ ውሻ አይለቀቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፣ ለአቅመ መራባት የደረሰው ከ500 አይበልጥም። ክፉ ጠላቶቹ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው በሽታ ሲሆኑ፣ ሁለቱም የሚደርሱት ከውሻ ነው። ቀን ለየብቻው አይጥ ሲያድን ይውልና ማታ ከቤተሰቡ ጋር ተሰብስቦ ያድራል፤ ሲገናኙም አፍ ለአፍ ይላላሳሉ። ስለዚህ አንዱ ከታመመ መንጋው በሙሉ ሊያልቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ በዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከነበሩት አብዛኞቹን ፈጅቷል።

ታዲያ ውሻ ይከልከል ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ሌሊት ጅብና ነብር በሚዞርበት አገር በጉን የሚጠብቀው ማን ነው? መፍትሔው ክትባት ነው። ባሌ ውስጥ የእረኞችን ውሾች መከተብ ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ከ4,500 ሜትር በላይ ያለው ጫፍ በእጅም በእግርም የሚወጣ አለት ነው። ውሻው ከስር ከስካውቱ ጋር ቀረ፤ እኔ ብቻዬን ወጥቼ፣ ደመናው ከስሬ ሲነጉድ አይቼ ወረድኩ።

ማታ አምቢቆ ስንመለስ የቤቱን ልጅ ውሻው ተከትቦ ያውቅ እንደሆን ጠየቅሁት።

«በጎቹን ነው እንጂ የሚወጉት፣ ጋሼ፣ እሱንማ ማን ይወጋዋል?»

ስለ ቀበሮው የማውቀውን ለአባቱ አወራሁለት። እሳቱን እየቆሰቆሰ እስክጨርስ ሰማኝና፣ «የሚከትብ ይምጣ እንጂ፣ የመንደሩን ውሻ ሁሉ እኔው ሰብስቤ አወርድለታለሁ» አለኝ።