በእንጦጦ ጫካ በብስክሌት

ብስክሌት ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የባሕር ዳር ሜዳ ነው። ልጆችን ይዞ ተራራ ላይ፣ ያውም ጫካ ውስጥ መንዳት ግን ለብዙ ወላጅ ስብራትን በገንዘብ መግዛት ይመስለዋል። እኛ በአንድ የዕረፍት ቀን ሦስት ቤተሰብ ሆነን፣ ትንሽ ትልቁን ይዘን እንጦጦ ወጣን።

የእንጦጦ ፓርክ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከመዝናኛዎቹ አንዱ በዛፎች መካከል የተዘረጋው የብስክሌት መንገድ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ስለሚደርስ አየሩ ስስ ነው፤ ሯጮቻችን ለልምምድ የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። ጀማሪ እንግዲህ ዳገቱን ሳይሆን ትንፋሹን እያዳመጠ ይንዳ።

ዙሪያውን የሞላው ባሕር ዛፍ የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ዋና ከተማይቱን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውራት ተቃርቦ ነበር፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ነው ካቆዩዋት ምክንያቶች አንዱ።

አብረውን ከነበሩት አባቶች አንዱ ያደጉት ምሥራቅ ጎጃም፣ ዲማ አጠገብ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ የዲማን ስም ያውቃል፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ተምረውበታል። እኚህ አባት የጀማሪዎቹን መንገድ ቆም ብለው አዩትና ሳቁ።

«ይኼማ የበቅሎ መንገድ ነው» አሉ። «እኛ አገር ጭነት የያዘች በቅሎ ዳገቱን ፊት ለፊት አትወጣም። ዞር ዞር እያለች፣ ጎን ጎኑን ይዛ ነው።»

ነገሩ እውነት ነው። ተራራን ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ ክረምት ሲመጣ የጎርፍ ቦይ ይሆናል፤ እግርም ጎማም አይችለውም። ጎኑን ተከትሎ የሚዞር መንገድ ግን ውሃውን ወደ ዳር ያፈስሳል፣ ዳገቱንም ያለዝባል። በውጭ አገር ለጀማሪ ተብለው አረንጓዴ ምልክት የሚደረግባቸው የጫካ መንገዶች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ባላገሩና በቅሎው ግን ከማንም ቀድመው ያውቁታል።

የእኚህ አባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዲማን አይታ አታውቅም። ሊወስዷት ባሰቡበት ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በክልሉ ግጭቱ ተነሳና ጉዞው ቀረ። አያቷን የምታውቃቸው በስልክ ድምፅ ብቻ ነው። «አባዬ፣ የአያቴ ቤት መንገድም እንዲህ ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው «እንዲህ ነው ልጄ፣ ብቻ ድንጋዩ ይበዛል» አሏት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገሩም። የብስክሌቷን ኮርቻ ይዘው ከኋላዋ ይሮጡ ጀመር። እኛም ዝም አልን።

ልጅቷ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለመደች። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሹን ማቅለል ነው፤ ዳገቱ መሐል ከሆነ ካቴናው ይንገጫገጫል፣ ሊወልቅም ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ትንሽ ተነስቶ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያሉ መያዝ ይገባል። የፊቱን ብቻ ድንገት የጨበጠ ሰው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። ዓይንም ከጎማው ሥር ተነስቶ ራቅ ያለውን ይመልከት።

አንድ ነገር ግን ወጣቶቻችንን አጥብቀን እንላቸዋለን። በእንጦጦ ተዳፋት ለአሥርተ ዓመታት ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ከፊት የሚመጣውን አያዩም። ከፓርኩ ወጥታችሁ በዳር ዳሩ ስትነዱ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ውረዱ፣ አሳልፏቸው። ደወል እየደወሉ «ዞር በሉ» ማለት ነውር ነው።

ልጃገረዶች ረጅም ቀሚስ ካቴና ውስጥ ስለሚገባ ሰፋ ያለ ሱሪ ከረዘም ያለ ሸሚዝ ጋር ቢለብሱ፣ የሱሪውን ጫፍም በላስቲክ ቢይዙት ይሻላል። ሒጃቡን ጫፉ ወደ ውስጥ ተከትቶ፣ ሔልሜቱ ከላዩ ይጠበቅ። ለመሄድ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ በክረምት የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጧት ከወጣችሁ ከዙህር በፊት ዙሩን ጨርሳችሁ፣ ዛፉ ሥር ሰግዳችሁ ምሳችሁን ትበላላችሁ። ነጠላም ሆነ ጃኬት አትርሱ፤ ፀሐይ ደመና ውስጥ ስትገባ ብርዱ አያድርስ ነው።