ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ወረቀት

ከአየር ጤና ወደ ቤተል በእግር የሄደ ሰው ስንት ፋርማሲና ስንት መድኃኒት መደብር እንዳለፈ መቁጠር ይታክተዋል። በእያንዳንዱ ግድግዳ ላይ በመስተዋት የተሰቀለ ወረቀት አለ፤ ፎቶግራፍ፣ ስም፣ ቁጥር፣ ማኅተም። መድኃኒት ገዢው ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ አያየውም። እኛ ግን ከዓመት በላይ ስለዚያ ወረቀት ስንጸልይ፣ ስናጠና፣ ስንከራከርም ከረምን።

እኛ ማለት በኮልፌ ቀራኒዮ አንድ የቤት ኅብረት ውስጥ ያለን አምስት የፋርማሲ ተመራቂዎች ነን። ክፍለ ከተማችን ስሙ ውስጥ ቀራንዮን ይዟል። በቋንቋችን ደግሞ ክኒኑንም ጌታንም "መድኃኒት" ብለን እንጠራለን። ይህን የቃል ዝምድና ሰባኪዎች ደጋግመው ስለተናገሩበት እናልፈዋለን።

ለማያውቁ ወገኖች ነገሩን በአጭሩ እናስረዳ። ፋርማሲ የአምስት ዓመት ትምህርት ነው። ቀድሞ ዲግሪውን የያዘ ሰው ማስረጃውን አቅርቦ የሙያ ፈቃድ ይወስድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር ለጤና ባለሙያዎች አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና አመጣ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ስለዚህ የዘመናችን ተመራቂ ጋዋኑን ካወለቀ በኋላም ደብተሩን አይዘጋም። ቴምፖውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ ፎቶውን ይዞ ይመዘገባል፤ ከዚያም ከፋርማኮሎጂ እስከ መድኃኒት አቅርቦት፣ ከስሌት እስከ ሙያ ሥነ ምግባር በምርጫ ጥያቄ ይፈተናል። ያላለፈ ፈቃድ የለውም። ፈቃድ የሌለው ደግሞ አምስት ዓመት ቢማርም መስኮቱ ላይ ቆሞ መድኃኒት ማደል አይችልም።

ማክሰኞ ማታ እየተገናኘን በጸሎት ጀምረን በጥያቄ ወረቀት እንጨርስ ነበር። አንድ ማክሰኞ ዘጸአት 30ን አነበብን። ጌታ ለሙሴ የቅብዓቱን ዘይት ሲያዝዘው መጠኑን ጭምር ነው የነገረው፦ ከርቤ 500 ሰቅል፣ ቀረፋ 250፣ ጠጅ ሣር 250፣ ብርጉድ 500፣ ከዚያም አንድ ኢን የወይራ ዘይት። ሥራውም የቀማሚ ሥራ ተብሏል፤ ያ ቀማሚ የእኛ የሙያ ቅድመ አያት ነው ብለን ደስ አለን። ከመካከላችን ስሌት የሚወደው ወንድም ወዲያው እርሳስ አነሣ። አንዱን ሰቅል 11 ግራም ተኩል ገደማ ብንይዝ ደረቁ ቅመም ብቻውን ወደ 17 ኪሎ ይጠጋል፤ ዘይቱ ግን ጥቂት ሊትር ነው። "ይሄ እኮ አይቀላቀልም፤ መጀመሪያ ዘፍዝፎ አጣርቶ መሆን አለበት!" አለ። ያን ማታ ስለ መዘፍዘፍ የተከራከርነውን ያህል ስለ ምንም አልተከራከርንም። ከዚያ ወዲህ 95 ከመቶ ከሆነ አልኮል 70 ከመቶ የሆነ አንድ ሊትር ለማዘጋጀት 737 ሚሊ ሊትር መለካት ዓለማዊ ሥራ መስሎን አያውቅም።

ፈተናው ሲቃረብ በአንድ የአዳር ጸሎት ላይ አንድ አገልጋይ እጁን ጭኖ ሁላችንም እንደምናልፍ ተናገረ። ውጤቱ ሲወጣ አራታችን አለፍን። አንዷ እህታችን አላለፈችም።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት "ፈተና ያለፋችሁ ተነሡና ጌታን አክብሩ" ተባለ። አራታችን ቆምን፣ ጉባኤው እልል አለ። እሷ በእኛ መካከል ተቀምጣ አብራ አጨበጨበች። ያንን ጭብጨባ ከጎኗ ሆኖ መስማት ከባድ ነበር። ቅዱሳን፣ በየቤተ ክርስቲያናችን ላለፈ ሰው መድረክ አለ፤ ላላለፈ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ያለው "አይዞሽ፣ የጌታ ጊዜ ነው" የሚል የበር ላይ ቃል ብቻ ነው። ስለ ዳንኤልና ጓደኞቹ ስንሰብክ አትክልቱን እናነሣለን። ሦስት ዓመት ሙሉ የባቢሎንን ቋንቋና መጽሐፍ ተምረው በመጨረሻ ንጉሡ ፊት መፈተናቸውን ግን እንዘለዋለን። ከእነርሱ ጋር የተፈተኑት ሌሎቹ ወጣቶች ወዴት እንደ ሄዱማ ጠይቀን አናውቅም።

ከባዱ ነገር የመጣው ከወር በኋላ ነው። የአንድ ፋርማሲ ባለቤት፣ ስሙን አንጠራም፣ ያለፈውን ወንድማችንንና ያላለፈችውን እህታችንን አብረው ጠርቶ ሻይ ጋበዛቸው። ክፉ ሰው አይመስልም፤ "ልጆቼ" እያለ ነው የሚያወራው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። "አንተ ፈቃድህን ስቀልልኝ፤ በወር አንድ ቀን መጥተህ ትፈርማለህ። እሷ ትሥራ፣ ክፍያውን ተካፈሉ። ለእሷም እኮ ጽድቅ ነው።"

ፈቃድ ማከራየት የሚባለው ይህ ነው። ሕጉ ይከለክለዋል፤ በከተማችን ግን ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። ነገሩን ማክሰኞ ወደ ኅብረቱ አመጡት። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን "ያልተማረች አይደለችም፣ ችሎታው አላት፣ የቀረባት ወረቀት ነው" ያሉ ነበሩ። የቤት ኪራይ አለባት፤ ታናናሾቿ የእሷን እጅ ያያሉ። ወንድማችንም ለራሱ ገንዘቡ አላጓጓውም፣ ለእሷ ብሎ እሺ ለማለት ተቃርቦ ነበር። ፍቅር የሚመስል ነገር ውስጥ ገብቶ የመጣ ፈተና ስለሆነ ነው የከበደን።

መልሱን የሰጠችው እሷ ናት። የሕፃናትን ፓራሲታሞል አነሣች። ሲረፑ በአምስት ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ጠብታው ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ብቻ 100። የሲረፑን ልክ ለጠብታው የነገረ ባለሙያ ለሕፃኑ 500 ሚሊ ግራም ሰጠ ማለት ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ። "ፈተናው ላይ ጊዜ የፈጀብኝ ስሌት ነው" አለች። "ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ የአንተ፣ ብልቃጡን የሚያቀብለው እጅ የእኔ። ልጁ ቢጎዳ እናትየዋ ማንን ትጠይቃለች? አንተ በወር አንዴ ነው የምትመጣው።"

ቀጥላም ስለ አያቷ ነገረችን። እህታችን ያደገችው ዘነበወርቅ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያንን ሥራ ከጀመሩት መካከል የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሐኪም ቶማስ ላምቢ አንዱ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. በዚያው ሥፍራ አለርት ተመሠረተ። ሕሙማኑ ከየገጠሩ መጥተው በግቢው ዙሪያ ቤት ሠሩ፤ ወደ ቀያቸው ቢመለሱ የሚቀበላቸው አልነበረምና። አያቷም ከእነርሱ አንዷ ነበሩ።

መጀመሪያ የወሰዱት ዳፕሶንን ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ አገር የሚሰጠው እሱ ብቻ ስለነበረ ባክቴሪያው ቀስ በቀስ ተላመደው። በ1981 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። አያቷ በወር አንድ ጊዜ ሪፋምፒሲናቸውን ባለሙያ ፊት ይውጣሉ፤ ሌላውን ቤት ወስደው በየቀኑ። ትንሿ ልጅ እጃቸውን ይዛ አብራ ትሄዳለች። መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ ሽንትዎ ቢቀላ አይደንግጡ፣ መድኃኒቱ ነው። ቆዳዎም ቢጠቁር ክኒኑን አያቋርጡ" ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም በእያንዳንዱ ወር እንደ አዲስ ይሰሙታል። ጣቶቻቸው አልተመለሱም። በሽታው ግን ቆመ። "እኔ ፋርማሲ የገባሁት በዚያ ሰውዬ ምክንያት ነው" አለች፤ "ሁልጊዜ እዚያው ነበር።"

ወንድማችን በማግስቱ ለባለቤቱ ደውሎ እንደማይሆን ነገረው። ባለቤቱ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት "ሌላ አላጣም" አለው። ምናልባት አላጣም። በዚያ መንገድ ስናልፍ ግድግዳው ላይ የማን ፎቶ እንዳለ አንገታችንን ሰገግ አድርገን ማየት ልማድ ሆኖብናል።

እህታችን ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግባለች። እስከዚያው በአንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ኅብረቱ የቤት ኪራዩን ለሦስት ወር ተካፈለ፣ አራተኛውን ራሷ ከፈለች። በምስክርነት ሰዓት አንድ እሑድ ሳትጠራ ተነሣች። አለማለፏንና የተጠየቀችውን ነገር እምቢ ማለቷን በሁለት ደቂቃ ተናግራ ተቀመጠች። እልልታ አልነበረም። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት መጥተው አጠገቧ ተቀመጡና ስብከቱ እስኪያልቅ እጇን ይዘው ቆዩ።

ዘንድሮ ማክሰኞ ማታ ሦስት አዳዲስ ተመራቂዎች መጥተዋል። ስሌቱን የምታስጠናቸው እሷ ናት። ጥያቄ አንብበው መልስ ለማለት ሲቸኩሉ ማርከሩን ታነሣና "ቆይ፤ ጠብታው ነው ሲረፑ?" ትላለች።